የአክስቴ ማሽንና የአዴ ጫልቱ እንዶድ

ባለፈው ሳምንት ኮዬ ፈጬ፣ ከብሎካችን ሥር ካለችው ሱቅ የልብስ ሳሙና ልገዛ ቆሜ ከባለሱቁ ጋር ተጨቃጨቅን። ለማጠቢያ ማሽን የሚሆን፣ ሽታ የሌለው ዱቄት ስጠኝ አልኩት። ልጁ ወደ መደርደሪያው ዞረና የሎሚ አለ፣ የጽጌረዳ አለ፣ ሕፃን ሕፃን የሚሸት አለ እያለ ይደረድርልኝ ጀመር።

«ሽታ የሌለው ነው ያልኩህ።»

«እህቴ፣ ካልሸተተ መታጠቡን በምን ታውቂያለሽ?»

ሊያሳምነኝ ብሎ የጽጌረዳውን ክዳን ከፍቶ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋልኝ። አለቀልኝ። ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ያጉረመርማሉ፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም። ቡራዩ ነኝ። የአክስቴ የአስቴር ማሽን ክዳን ላይ እግሬን አንጠልጥዬ ተቀምጫለሁ፤ ማሽኑ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል።

አክስቴ አስቴር ከቤይሩት ስትመለስ ዘመድ ሁሉ ወርቅ ይዛ ትመጣለች ብሎ ነበር የጠበቃት። እሷ ማጠቢያ ማሽን ይዛ መጣች። ሆሳዕና ያሉት አጎቶቼ ይህን ሲሰሙ «ልጅቷን ሰው ነክቷታል» አሉ። እሷ ግን ቡራዩ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሁለት ክፍል ተከራየችና ማሽኑን በረንዳ ላይ ተከለችው፤ የሰፈሩን ልብስ ማጠብ ጀመረች። እናቴ ገላን ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ስለነበር ያን ዓመት እኔን ለአክስቴ ሰጠችኝ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሥራዬ ደግሞ ሁለት ነበር፤ የቧንቧው ውሃ ጉልበት ስለሌለው ማሽኑን በባልዲ መሙላት፣ ከዚያ ሊጨምቅ ሲል ክዳኑ ላይ መውጣት። ካልተቀመጡበት ይሄዳል። አንድ ቀን ብቻውን ትተነው ገበያ ደርሰን ስንመለስ በረንዳውን አቋርጦ በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው፤ በመስኮት ነበር የገባነው።

ከላይ የሚከፈት፣ መሐሉ ላይ ወዲህና ወዲያ እየዞረ ልብሱን የሚያማታ ምሰሶ ያለው የድሮ ዓይነት ነው። ቁልፉ ዙሪያ የተጻፈው ዓረብኛ ነበር። አክስቴ ዓረብኛ ታወራለች እንጂ አታነብም፤ ስለዚህ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጋበት ነበር። ቀዩ «የሹፌር» ይባላል፤ ለቱታ፣ ለጂንስ፣ ግራሶ ለነካው ነገር ሁሉ፣ ረጅምና ኃይለኛ ነው። ነጩ «የተማሪ» ነው፤ ዩኒፎርምና አንሶላ ይገባበታል። ሮዙ «የሙሽራ» ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እያባበለ ያጥባል። ሻሽ፣ ነጠላና የሠርግ ልብስ ካልሆነ በቀር ሮዙን ማንም አይነካውም።

ሌላው ልጅ የማባዣ ሠንጠረዥ ሲሸመድድ እኔ የአክስቴን ሕግ እሸመድድ ነበር። ዱቄት መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይሟሟል እንጂ ልብስ ላይ አይነሰነስም፣ ነጠብጣብ ይተዋል። በረኪና ነጭ ላይ ብቻ፣ እሱም ቀጥኖ። ጂንስ ተገልብጦ ይገባል። ደረቁ ሳሙና ለአንገትጌና ለእጅጌ ነው፤ ከመግባቱ በፊት ይታሻል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዱቄት አይበዛም። «አረፋ ለዓይን ነው፣» ትላለች መዝሙሯን አቋርጣ። «የሚያጥበው መፋተጉ ነው። ኦሞ የሚያበዛ ሰው እምነት የጎደለው ሰው ነው።» ጴንጤ ስለነበረች ነገሩን ሁሉ ወደ እምነት ማድረስ ትወዳለች።

አንድ ነገር ብቻ ለዓይን ታስቀምጥ ነበር። ከቤይሩት ያመጣችው ትልቅ ጠርሙስ የጽጌረዳ ማለስለሻ። የሙሽራ ልብስ መጨረሻ ሲለቀለቅ አንድ ክዳን ብቻ ትጨምርበታለች። ያን ቀን ግቢው በሙሉ ይሸታል፤ እኔም ጠርሙሱን ከፍቼ ስምግ ይዛኝ ስንት ጊዜ ተቆጥታኛለች።

አከራያችን አዴ ጫልቱ ናቸው። ከአዲስ አበባ ሰው ቀደም ብለው፣ ቡራዩ ገና ማሳ ሳለች ጀምሮ እዚያው የኖሩ ገበሬ። ከግቢው ጀርባ ጤፍ የሚዘሩባት ቁራሽ መሬት ነበረቻቸው። ማሽናችንን «ላሟ» ነበር የሚሏት። ጠዋት ጥጃቸውን ይዘው ሲወጡ «አስቴር፣ አካም ቡልቴ፤ ላምሽ ዛሬም እያመነዠከች ነው?» ይላሉ። አክስቴም «ወተት ስትሰጥ አንቱን እጠራለሁ» ትላለች። እሳቸው ልብስ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። ፍሬውን ከአጥር ለቅመው በፀሐይ ያደርቁታል፣ ይወቅጡታል፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ የወተት ዓይነት አረፋ ያወጣል። ሽታው መረር፣ ሣር ሣር ይላል። ጋቢ ሲያጥቡ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ገብተው በእግራቸው ይረግጡታል፤ ሲጨርሱ ክትክታው አጥር ላይ ያሰጡታል። የልጃቸው የቶላ ልብስ ሁልጊዜ እንዶድና ክትክታ ይሸት ነበር፤ ከሩቅ ሲመጣ በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ።

ቶላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ የአዴ ጫልቱ አንድ ልጅ ነበር። ማሽኑ ሲዞር አጠገቤ ቆሞ ኦሮምኛ ያስቆጥረኛል፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያልን። በእሱ ምክንያት ያ ዓመት ሳይጋመስ እኔ ኦሮምኛ አቀላጥፌ ነበር፤ አክስቴ ግን ከሰላምታ አላለፈችም።

ያን ዓመት ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማስተር ፕላን ነበር። እኔ ሰውዬ ይመስለኝ ነበር። «ማስተር ፕላን መሬታችሁን ሊወስድ ነው» ሲባል፣ ትልቅ ኮት የለበሰ ሰው በአዴ ጫልቱ ጤፍ ውስጥ እየረገጠ ሲመጣ ይታየኛል፤ በር ሲንኳኳ ቀድሜ የማየው እሱ ይሆን ብዬ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መንገድ ላይ ጎማ ይቃጠላል፤ ጥላሸቱ የሰጣነው አንሶላ ላይ ያርፍና አክስቴ እንደገና ታጥባለች። «ሁለት ጊዜ አጥቤ አንድ ጊዜ ተከፈለኝ» ስትል ትስቃለች፣ ግን በሩን ቶሎ ቶሎ ትዘጋ ነበር።

ቶላን የወሰዱት ተማሪዎቹ ሰልፍ በወጡ ማግሥት ጠዋት ነው። የታጠቁ ሰዎች ከየቤቱ ወጣቱን እየሰበሰቡ መኪና ላይ ጫኑ። አዴ ጫልቱ የመኪናውን በር ይዘው አልለቅም አሉ። መኪናው ሲነሳ ወደቁ፣ ቀኝ እጃቸውም አንጓው ላይ ተሰበረ። ወጌሻ መጥቶ በቀርከሃና በጨርቅ አሰረላቸው። አክስቴ ለእኔ «ቶላ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ» አለችኝ። አመንኳት። እሑድ እሑድ ስንቅ ይወሰድለት ነበር፣ ልብስ ይቀየርለት ነበር፤ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲህ መስሎኝ በጣም ቀናሁ።

ያለበት ቦታ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ነው። ማየትም ማነጋገርም አይፈቀድም። በሩ ላይ ስም ይጠራል፣ ስንቅና ንጹሕ ልብስ ይሰጣል፣ ባለፈው የገባው በፌስታል ተጠቅልሎ ይወጣል። በቃ። ስለዚህ የቆሸሸው ልብስ ራሱ ወሬ ነበር። ቆሽሾ ከወጣ ሰውየው አለ ማለት ነው። ይህን ያኔ አላውቅም፤ አዋቂዎቹ ግን ሁሉም ያውቁት ነበር።

አዴ ጫልቱ በተሰበረ እጅ ማጠብ ስላልቻሉ የቶላን ልብስ አክስቴ ተቀበለች። ገና ሳይጠይቋት ነው ሸሚዙንም፣ ሱሪውንም፣ ሹራቡንም፣ ጋቢውንም የወሰደችው። ቁልፉን ስታዞር እያየኋት ነበር። የሹፌሩን አለፈች፣ የተማሪውን አለፈች፣ ሮዙ ላይ አቆመችው።

«አክስቴ፣ የሙሽራው ላይ ነው ያደረግሽው።»

«አውቄ ነው።»

መጨረሻ ላይ ጠርሙሱን አነሳች። አንድ ክዳን መስሎኝ ነበር፤ ደግማ ሞላችው። «ልጁ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛው፤ ቢያንስ ልብሱ ይለስልስለት፣» አለች። እጥፍጥፍ አድርጋ፣ በቤይሩት አስተጣጠፍ፣ ማዕዘኑን ከማዕዘን አገናኝታ አስረከበቻቸው። አዴ ጫልቱ በጤነኛ እጃቸው ተቀብለው አሸተቱት። አንድ ነገር ሊሉ ብለው ተዉት። «ገለቶሚ፣ የሀብታም ልጅ አስመሰልሽው፣» ብለው አመሰገኑ። ይሉኝታ ነው። በኋላ እንደነገሩን፣ «ልጄ ልብሱ ላይ ይሄን ሽታ አያውቀውም» ሊሉ ነበር።

ልብሱ ከገባ በኋላ በሚቀጥለው እሑድ አዴ ጫልቱና አክስቴ ስንቅ አድርሰው ተመለሱ። አክስቴ ፌስታሉን ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። ከፈትኩት። ሸሚዙ፣ ሱሪው፣ ሹራቡ፣ ጋቢው፣ ሁሉም እንደታጠፈ፣ ማዕዘኑ ከማዕዘን እንደተገናኘ፣ ገና ጽጌረዳ ይሸታል። አንዱም አልተለበሰም። የምግቡ ሳህን ባዶውን ወጥቷል፤ ግን ምግብ ማንም ይበላዋል።

እኔ የመሰለኝ ቶላ «በደንብ አልታጠበም» ብሎ የመለሰው ነው። አክስቴ ሥራዋ ሊበላሽባት ነው ብዬ ጨነቀኝ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ግቢያችን ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ጀመር። ሽማግሌዎች አጥር ጥግ ቆመው ይመካከራሉ፣ አዴ ጫልቱ ብቅ ሲሉ ስለ ዝናብ ያወራሉ። በቀጣዩ እሑድ መንገድ ተዘግቶ ስንቅም አልገባም። አዴ ጫልቱ አያለቅሱም፣ አይበሉም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በር በር ያያሉ። ማሽኑን ላሟ ማለት ተዉ። አክስቴም መዝሙር ተወች። ያለ እሷ ዜማ የማሽኑ ድምፅ አስጠላኝ፤ ክዳኑ ላይ መቀመጥ የሰለቸኝ ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማሽኑን እየሞላሁ ሳለ ከበሩ ውጭ የለቅሶ ድምፅ ሰማን። ገመቹ ነበር፣ የላይኛው ሰፈር ልጅ፤ ከቶላ ጋር ተወስዶ በቀደመው ቀን ተፈትቶ ነው። ፀጉሩ ተላጭቷል፣ ደረቱን እየመታ «ወዮ ሃርሜ ኮ፣ ወዮ ሃርሜ ኮ» እያለ ገባ፤ ወይኔ እናቴን ማለቱ ነው። እንዲህ ሆኖ የሚገባ ሰው ለቅሶ ደራሽ ነው። አዴ ጫልቱ ከጥጃው ዘንድ ወጡና አዩት። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ገመቹ ቀና ብሎ አያቸውና ድምፁ ቆመ።

«አዴ ጫልቱ፣» አለ በኦሮምኛ፣ «አሉ እንዴ?»

«ልጄስ?» አሉ። «ልጄስ አለ?»

«እሱማ አለ። የሞቱት አንቱ ነዎት እንጂ።»

አክስቴ እጄን ጨብጣ «ምን አለ? ምን አለ?» ትለኛለች።

«ቶላ ደህና ነው። የሞቱት አዴ ጫልቱ ናቸው፣» ብዬ ተረጎምኩላት።

«አፍሽን ያዢ፣» አለችኝ። እውነቴን ነበር የተረጎምኩት።

ገመቹ ውሃ ጠጥቶ ሲረጋጋ ሁሉንም ነገረን። ልብሱ የገባ ዕለት ቶላ ፌስታሉን ከፍቶ አሸተተና ፊቱ ጠቆረ። የእናቱን እጅ መሰበር አያውቅም፤ በሕይወት ብትኖር ልብሱን ሌላ ሰው እንደማያጥበው ግን ያውቃል። ሌላ ሰው ካጠበው፣ እሱም እንዲህ ተጠንቅቆ፣ እንዲህ አሽቶ ካጠበው፣ መርዶ ተደብቆብኛል አለ። እንደኛ አገር ወግ ሩቅ ላለ ሰው መርዶ ይደበቃል፤ የታሠረማ ይብስ። ደረቱን መታ፣ ፀጉሩን ተላጨ። ሐዘንተኛ ንጹሕ ልብስ አይለብስም ብሎ የገባለትን ሁሉ እንዳለ መለሰ፤ ጋቢውንም። መሬት ላይ ነው የሚተኛው። ገመቹም ሐዘኑን ለመካፈል አብሮት ተላጨ።

«በሩ ላይ ያለውን ጠባቂ ጠየቀው፣» አለ ገመቹ። «ሰውየው ደግ ነው፣ 'እናትህ ደህና ናቸው፣ አታስብ' አለው። ቶላም 'አታስብ ካሉኝማ አበቃ' አለ። ማነው መርዶ ሲያረዳ ሞተዋል ብሎ የሚጀምር?»

ይህን ስተረጉምላት አክስቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ገብታ ያንን ጠርሙስ ይዛ ወጣች፣ አዴ ጫልቱ እግር ሥር አስቀመጠችው፣ «እኔ ነኝ የገደልኩዎት» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው በጤነኛ እጃቸው ራሷን ያዙ።

«ተይ። ለልጄ ደግ አድርገሽ ነው። የአንቺ ሳሙና አላስቸገረም፣ የእኔ እጅ ነው ያስቸገረ።»

አሁን እንግዲህ የተረፈን አንድ ነገር ነበር፤ ቶላ እናቱ መኖራቸውን እንዲያውቅ ማድረግ። መልእክት አይገባም። ቢገባም አያምንም። የሚገባው ልብስ ብቻ ነው። አዴ ጫልቱ ከጎተራው ሥር የደረቀ እንዶድ አወጡ፤ በግራ እጃቸው ቢወቅጡት አልሆነም፣ አክስቴ ተቀበለቻቸው። እኔ ውሃ አመላለስኩ። ጋቢው ከባድ ስለሆነ አክስቴ ልማዷ አልተዋትም፣ «መፋተጉን ማሽኑ ይሥራ፣ ሽታው የአንቱ ይሁን» አለች። ሕጓንም ረሳች። ፍሬ ነው ምን ያደርጋል ብላ የተወቀጠውን እንዶድ በሙሉ ገለበጠችው፣ ቁልፉን የሹፌሩ ላይ አድርጋ ለቀቀችው።

እኔ ክዳኑ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ የቀዘቀዘኝ ቂጤን ነው። አረፋው በክዳኑ ዙሪያ ወጣ፣ ጭኔን አለፈ፣ በረንዳውን ሸፍኖ ወደ ግቢው ወረደ። ዶሮዎቹ ሸሹ። አክስቴ አረፋን ጨው ይገድለዋል እያለች ወደ ጓዳ ሮጠች፣ ጨው በተነች፣ አረፋው አልሰማትም። እኔ ከላይ ሆኜ «አረፋ ለዓይን ነው አላልሽም?» አልኳት። ያኔ አዴ ጫልቱ ሳቁ። ቶላ ከተወሰደ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የታሰረ እጃቸውን በሌላው ደግፈው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ። «ላሟ ታለበች፣» አሉ። በዚህ መሐል እንደ ወጉ መብራት ሄደ፣ ማሽኑ ሆዱን እንደሞላ ቆመ።

አዴ ጫልቱ ጫማቸውን አወለቁ።

«ገንዳውን አምጡልኝ፣» አሉ። «የተሰበረው እጄ ነው፣ እግሬ ምን ሆነ?»

እንዴት ቀድሞ እንዳልታየን አላውቅም። ሁላችንም እጃቸውን ስናይ ከርመን እግራቸውን ረስተን ነበር። ጋቢውን ገንዳ ውስጥ ገለበጥነው፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ፣ እኔንም ደግፊኝ ብለው አስገቡኝ። ወገባቸውን አቅፌ ረገጥን። ውሃው ብርድ ነበር፣ አረፋው በጣቶቼ መሐል ይሾልካል፣ ሽታው መረር፣ ሣር ሣር ይላል። ሲረግጡ ስሙን ይጠራሉ፤ አንድ እርምጃ ቶላ፣ አንድ እርምጃ ሙጫ ኮ፣ ልጄ። ሸሚዙንም ሹራቡንም እንዲሁ ረገጥነው። አክስቴና ገመቹ ጋቢውን ከዳርና ዳር ይዘው ጨመቁት። ክትክታው ላይ ሰጣነው። ሲደርቅ አክስቴ በልማዷ ልታጥፍ ስትል አዴ ጫልቱ ወሰዱባት፣ በአንድ እጃቸው እንደሆነላቸው ጠቀለሉት።

እሑድ መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር ወሰዱለት። ከዚያ ደግሞ ሌላ እሑድ እስኪመጣ መጠበቅ ነበር። ያ ሳምንት ከሁሉም የከፋ ነበር፤ አክስቴ የሙሽራ ልብስ በሹፌሩ አጥባ ሻሽ ቀደደች።

በሁለተኛው እሑድ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አክስቴ ፌስታሉን በሁለት እጇ ነበር የያዘችው፣ መንገድ ላይ አልከፈቱትም። ማሽኑ ክዳን ላይ አስቀመጠችው፣ አዴ ጫልቱም ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት።

ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ላብ፣ ጭስ፣ የብዙ ሰው ትንፋሽ። የሸሚዙ አንገትጌ ጠቁሮ ነበር፣ እጅጌው ላይ ወጥ ደርቋል፣ ክርኑ ሲሚንቶ ሆኗል። አዴ ጫልቱ ፊታቸውን ቀበሩበት።

«ቆሽሿል፣» አሉ ቀና ሲሉ። እንባቸው ይወርዳል፣ ይስቃሉ። «አስቴር፣ ልጄ ለብሶታል። ቆሽሿል።»

አክስቴ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች ክዳኑን ከፈተች፣ ቁልፉን ያዘች። «ይሄ በሹፌሩ ነው፣ እሱም ሁለቴ።»

«ዛሬ አይታጠብም፣» አሉ አዴ ጫልቱ።

ሸሚዙን ወስደው በመንገዱ በኩል ያለው አጥር ላይ፣ አላፊ አግዳሚ እንዲያየው አድርገው አሰጡት። ያን ሰሞን ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የነበረው ሰፈር እየመጣ ያንን ሸሚዝ አየ። «እንኳን ደስ ያለዎት» ይሏቸዋል፣ አንዳንዱ አንገትጌውን ነክቶ እጁን ይስማል። እኔ አንድ የቆሸሸ ሸሚዝ እንዲህ ሲከበር አይቼ ስለማላውቅ አጠገቡ ቆሜ ዘበኛ ሆንኩ።

ከሰዓት በኋላ በወጨጫ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ግቢው ሙሉ የደንበኛ ልብስ ተሰጥቶ ነበር፤ ነጭ በነጭ፣ የሠርግ ቤት አንሶላ፣ ዩኒፎርም። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወድቅ አክስቴ ከቤት ወጥታ ሮጠች። አንሶላዎቹን አለፈቻቸው፣ ዩኒፎርሙንም አለፈችው፣ አጥሩ ጋ ደርሳ የቶላን ሸሚዝ መነጨቀችና ሹራቧ ሥር ደረቷ ላይ ወሽቃ ተመለሰች።

«አክስቴ፣ አንሶላው» አልኳት።

«አንሶላው ይበስብስ፣» አለች። «ይሄ እንዳይታጠብብን።»